የአስታራቂው ይግባኝ

አያ የኔሰው በሰባ አንድ ዓመታቸው የሰው ማሳ ያርሱ ነበር። የራሳቸውን መሬት ለልጃቸው ካስረከቡ ስድስት ክረምት አልፏል፤ ከእንግዲህ ጭራና መቋሚያ ይዤ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ የሰው ነገር እሰማለሁ ብለው ነበር። አልሆነም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ድንጋዩ ከአፈሩ በሚበዛ ተዳፋት ላይ፣ የምስጋኑን ጥማድ እየተከተሉ ከትልም ትልም ይዞራሉ። በየሦስተኛው ዙር በሬዎቹን ያቆሙና ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ ሰማይ ያያሉ። መንገደኛ ሲያያቸው የሚጸልዩ ይመስለዋል። እሳቸው ግን ትንፋሻቸውን ነው የሚፈልጉት።

«አያ፣ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ!» ይላቸዋል ወደ ላሊበላ ገበያ የሚወርድ ጎረቤት።

«አምባሩንስ በተውኩት፤ እርፉ ነው አልተውህም ያለኝ። ሂድ፣ ገበያው ሳይበተን ድረስ።»

ሰውየው እየሳቀ ያልፋል። ለምን እንደሚያርሱ ግን ያውቃል። አገሩ ሁሉ ያውቃል።

አያ የኔሰው በልጅነታቸው ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ዳዊት ደግመዋል። አባታቸው ሲሞቱ እርፍ የሚይዝ ጠፍቶ ድቁናውን ሳይቀበሉ በአሥራ አራት ዓመታቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ከዚያ ትምህርት የቀረላቸው ነገር ቢኖር ለመናገር አለመቸኮል ነው። በሠላሳ ዓመታቸው ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲወጡ አስከትለዋቸው መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ የባልና የሚስት ጠብ፣ የድንበር ጠብ፣ የደም ነገር እሳቸው ሳይቀመጡበት ያለቀ የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ከአባቶች የወረሱት ነው፤ እሳቸው ግን አጠበቁት። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ በር ሲቆም የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አጥፍቻለሁ። እንዲህ ሆኖብኝ ነው፣ እሱም እኮ እንዲህ ብሎኝ ነው ማለት የለም። «ጥፋት አይሸረፍም» ይሉ ነበር። «ከሸረፍከው የቀረው ስባሪ የማን ሊሆን ነው?» ከአፉ «ግን» የምትል ቃል ያመለጠችው ሰው ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ወደ መንገዱ ይመለስና እንደገና ከሩቅ ይጀምራል። አንድ ብርቱ ጎልማሳ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ሲመለስ አይተዋል። በአምስተኛው «አጥፍቻለሁ» ብሎ አለቀሰ፤ ተበዳዩም አብሮ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሕጉን አይጠራጠርም። የሰው ልጅ አንድ ነገር አርባ ጊዜ ከሠራለት፣ በአርባ አንደኛው የሚጎዳ መሆኑን እንዴት ይወቅ?

አርባ አንደኛው የጋሻዬ ነገር ነው።

ጋሻዬ የሠላሳ አራት ዓመት ገበሬ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ትልሙ ቀጥ ያለ፣ አንደበቱ ያልተፈታ። የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር የጎረቤቱ የምስጋኑ በሬ ከደረሰ ገብሱ ገባበት። ጋሻዬ ዱላ ይዞ ሮጠ። ምስጋኑም በሬውን ሊያወጣ ሮጠ። ተሰዳደቡ፤ ዱላ ተነሣ፤ የምስጋኑ ግራ ዓይን ፈሰሰ። ፖሊስ ጋሻዬን ወሰደው፤ በዋስ ተለቀቀ። የመንግሥቱ ክስ በራሱ መንገድ ሲሄድ፣ ሽማግሌዎቹ በራሳቸው መንገድ ሄዱ።

ዕርቁ ያማረ ነበር። ጋሻዬ ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ፤ አንዴም ሳይመለስ ጨረሰ። «ሆን ብዬ፣ አውቄ ዓይንህን አጥፍቻለሁ» አለ። ምስጋኑ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። በአንድ ዓይን ተዳፋት ማረስ አይሆንም፤ ትልሙ ይሳሳታል፣ ማረሻው ከድንጋይ ይጋጫል። ስለዚህ የምስጋኑ ልጅ እርፍ እስኪይዝ ድረስ ማሳውን ጋሻዬ እንዲያርስ ተወሰነ። ዋስ ማን ይሁን ሲባል አያ የኔሰው ተነሥተው «ጋሻዬ ቢቀር እኔ አለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ የሚቀር አልመሰላቸውም። በመጨረሻ ቄሱ ገዘቱ፦ የታረቀ ነገር አፈር ይብላው፣ ዳግመኛ በማንም ፊት ያነሣው ሰው የተለየ ይሁን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፍርድ ቤቱ ጋሻዬን ጠራ። ከመሄዱ በፊት ወደ አያ የኔሰው መጥቶ «ምን ልበል?» ብሎ ጠየቀ።

«ሸንጎም ይሁን ችሎት፣ ሰው ፊት ስትቆም አትሸርፍ» አሉት።

እሱም አልሸረፈም። ዳኛው ክሱን አንብበው ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ሲሉት አዎን አለ። አስበህበት ነው ወይ ሲሉት አዎን ጌታዬ፣ አውቄ ነው አለ። ከዚያ በፊት ጠበቃ ይቁምልህ ቢሉት «ጠበቃ ለሚክድ ሰው ነው» ብሎ ነበር። የቅጣት ማቅለያ የምትለው ነገር ካለህ ተናገር ሲሉት ደግሞ ያቺ «ግን» የምትባለው ቃል በሌላ በር የመጣች መሰለችው። «የለኝም። የሰጣችሁኝን እቀበላለሁ» አለ። አያ የኔሰው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ዕርቁ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ግዝት አለባቸው። ይልቅስ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ በልጁ ኮርተው ነበር። ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደ።

በሦስተኛው ቀን የጋሻዬ ሚስት ይማርሽ መጣች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«አያ፣ በሬውን እኮ ነው የመታው።»

«ምን አልሽ?»

«በሬውን። ምስጋኑ መሐል ገባበት። የዚያን ዕለት እንዲያ ብሎኛል።»

«ታዲያ እኛ ፊት ለምን…»

«እናንተ ፊት?» አለች። «እናንተ ፊት መቼ ይጠየቃል? እናንተ ፊት አጥፍቻለሁ ነው የሚባል።» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አያ የኔሰው በተቀመጡበት ቀሩ። እውነቷን ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም በዳይ እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀው አያውቁም። መጠየቅ መሸረፍ ነበር።

በማግስቱ ወደ ላሊበላ ወረዱ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ሰማያዊ ላስቲክ ወጥሮ ማመልከቻ የሚጽፍ አሊ የሚባል ሰው አለ፤ ሃያ ዓመት አስተማሪ የነበረ፣ ጡረታውን በብዕር የሚደጉም። አዳመጣቸው። ሲጨርሱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«አያ የኔሰው፣ ሰው ያለ ጥፋቱ እሥር ቤት ላስገባህ ቢሉት ይሸሻል። አንቱ ግን ልጁን አስተምረው አስገቡት። ወላሂ፣ ዐቃቤ ሕጉ እንኳ እንዲህ አያግዘውም።»

«ስድቡን ቆይተህ ጨምርልኝ። አሁን ጻፍ። በሬውን ነበር የመታው ብለህ ጻፍ።»

«አልጽፍም።»

«እውነት እኮ ነው!»

«እውነት ቢሆንም አልጽፍም። ስሙኝ። አጥፍቻለሁ ብሎ ያመነ ሰው፣ በይግባኝ ጊዜ ጥፋተኛ አይደለሁም ማለት አይችልም። ያ በር በገዛ አፉ ተዘግቷል። ክፍት የቀረው መስኮት ነው፤ ቅጣቱ በዛብኝ ማለት ብቻ። በመስኮት ደግሞ በሬ አይገባም።»

አያ የኔሰው ሳቅ ሊመጣባቸው ፈለገና ተዋቸው። «በመስኮት ምን ይገባል?»

«ሰውና ወረቀት። ታርቋል፣ ክሷል፣ ያለፈ ጥፋት የለበትም፣ ልጆች አሉት። ዕርቁን የሚያስረዳ ጽሑፍ ከሽማግሌዎቹ ያምጡልኝ። ከሁሉም በላይ ዓይኑ የጠፋው ሰውዬ ራሱ ቢቀርብ። ቀኑም እየሄደ ነው፤ ከፍርዱ ጀምሮ በአሥራ አምስት ቀን ይግባኝ እላለሁ ካላለ መስኮቱም ይዘጋል። የይግባኙን ማሳወቂያ ዛሬውኑ ጽፌ እሰጥዎታለሁ፤ ይፈርምበት።»

«ምስጋኑ እንዲቀርብማ ግዝት አለበት። እኔም አለብኝ።»

«ያሰራችሁት እናንተ፤ ፍቱት» አለ አሊ፣ መነጽሩን እየመለሰ።

አያ የኔሰው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ቄሱ አስበው፣ አዝነው፣ የሰው እስራት ለማቅለል ከሆነ ብለው ለሁሉም ፈቱላቸው። ለአያ የኔሰው ግን በቀን ሃያ ስግደት ለሰባት ቀን አዘዙ፤ የተገዘተውን ነገር ስላነሡ ሳይሆን፣ ሳይጠይቁ ስለፈረዱ። ለሰባ ዓመት ጉልበት ያ ቀላል አይደለም። ቀን የምስጋኑን ማሳ ያርሳሉ፤ ማለዳ ይሰግዳሉ። አንዳንዴ ከስግደት ሲነሡ ስንተኛው እንደሆነ ይጠፋባቸውና ከአንድ ይጀምራሉ።

በአምስተኛው ቀን እርሻው መካከል በሬዎቹን አቁመው ወደ ምስጋኑ ሄዱ። ምስጋኑ ከካቡ ሥር ተቀምጦ ቀንበር ይጠርብ ነበር።

«ምስጋኑ፣ አንድ ነገር ላነሣ ነው። ተፈትቶልኛል።»

«ይህን ነገር አፈር ይብላው ብለው ያስገዘቱት አንቱ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«አፈሩስ?»

«አፈሩን እያረስኩት ነው፤ በላው እንዴ? አልበላውም።» አጠገቡ ተቀመጡ። «ጋሻዬ የሰነዘረው በበሬው ላይ ነበር ይባላል። አንተ ነበርክ እዚያ።»

ምስጋኑ መጥረቢያውን አስቀመጠ። በቀረው ዓይኑ ለማየት ፊቱን በሙሉ ወደ እሳቸው አዞረ።

«እኔ ያየሁት ዱላ ነው፣ አያ። ዱላ ወዴት እንደሚያስብ በፊቱ አይታይም። ለመጨረሻ ጊዜ በሁለት ዓይኔ ያየሁት እሱን ነው፤ በደንብ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ምን ልበልዎት?»

«ወልድያ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ድረስ ሄደህ፣ ታርቄያለሁ በል። ይኸው ነው።»

ምስጋኑ ማሳውን አየ። ዛሬ የታረሰውን አየ።

«ይህ ትልም ነው ይላሉ?»

«ምን ሆነ?»

«እባብ ጠጅ ጠጥቶ የሄደበት ይመስላል! ባለ አንድ ዓይኑ እኔ፣ የሚሳሳቱት አንቱ። ያ ልጅ ሲያርስ እኮ ውኃ ራሱ መንገድ ይለምነው ነበር።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ሰባት ዓመት እሱን ቢያስሩት ዓይኔ አይመለስ። ማሳዬ ጦም ሊያድር። አንቱም አንድ ቀን እዚህ ትልም ላይ ወድቀው ይቀሩና፣ እንደገና ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ የኔሰውን ማን ገደለው ይባል። እመጣለሁ።»

«ለሱ ብለህ ነው ወይስ ለማሳው?»

«አያ፣ አይሸርፉት» አለ ምስጋኑ።

ይግባኙ ገባ። ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ታሪክ የለውም፣ ድካም ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት መንገዱ ተዘግቶ ከጋሸና ተመለሱ። በሁለተኛው መዝገቡ አልቀረበም ተብሎ ሌላ ቀን ተሰጣቸው። ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ በዕድሜ ሌላው በዓይን የጎደለ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተገፈተሩ የድልብን ቁልቁለት ወረዱ፣ ወጡ፣ ወረዱ። አያ የኔሰው በመኪናው መስኮት ገደሉን እያዩ ያስቡ ነበር። አባቶቻችን ጥፋት አይሸረፍም ያሉት መንደር ውስጥ ነው፤ መንደር ደግሞ በዳዩን ከእነ አባቱ፣ በሬውን ከእነ ጠባዩ ያውቃል። ሳይነገር የሚታወቅ ነገር ስላለ ነው ዝም የሚባለው። ዳኛው ግን የማያውቁትን ሰው ነው የሚጠይቁት። በዚያ ዝም ያለ ሰው ትሑት አይባልም፤ የሚለው የሌለው ነው። ይህን ለማወቅ ሰባ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ክፍያው ግን የወጣው ከሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀጠሮ ችሎት ገቡ። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ጋሻዬ ከማረሚያ ቤት መጥቶ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ፀጉሩ በአጭሩ ተቆርጧል። ይማርሽ ከኋላ ናት። የሽማግሌዎቹ ጽሑፍ ተነበበ። ከዚያ ምስጋኑ ተጠራ።

«ከይግባኝ ባዩ ጋር ታርቃችኋል?» አሉ የመሐል ዳኛው።

«ታርቀናል፣ ጌታዬ። ካሣውንም በጉልበቱ እየከፈለ ነበር፤ አሁን እኒህ ሽማግሌ ናቸው የሚከፍሉልኝ።» ወደ አያ የኔሰው ጠቆመ። «አንድ ነገርም ልጨምር። ያን ዕለት ዱላው በሬውን…»

«በጥፋተኛነቱ ላይ አንነጋገርም» አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አምኗል። እኛ የምናየው የቅጣቱን ልክ ነው።»

ምስጋኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ዳኛው ወደ ጋሻዬ ዞሩ። «በቅጣቱ ላይ የምትጨምረው አለ?»

አያ የኔሰው ወንበራቸውን ጨበጡ። ተናገር፣ ልጄ። ልጆች አሉኝ በል፤ አዝኛለሁ በል፤ «ግን» በል። አርባ ዓመት ከሰው አፍ ሲያወጧት የኖሩትን ቃል አሁን እንዲሰሟት ለመኑ።

ጋሻዬ አንገቱን ሰበረ። «አጥፍቻለሁ። የሰጣችሁኝን እቀበላለሁ» አለ።

ከቀትር በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ማመኑ፣ መታረቁ፣ መካሱ፣ ያለፈ ጥፋት የሌለበት መሆኑ ተቆጥሮለት ሰባቱ ዓመት ወደ አራት ዓመት ወረደ። ይማርሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ አልታወቀም። የተቀነሰው ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። የቀረው አራት ዓመትም ቀላል አይደለም።

ጠባቂው ፖሊስ መኪና እስኪመጣ ድረስ ጋሻዬን ግቢው ውስጥ ካለው ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ይማርሽ ምግብ ልትገዛለት ወጣች። አያ የኔሰው ፈቃድ ጠይቀው አጠገቡ ተቀመጡ፤ መቀመጡ ራሱ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይቅር በለኝ» አሉት። «ቃልህን ያስረሳሁህ እኔ ነኝ። በሬውን መምታትህን ለማንም እንዳትናገር አፍህን ዘጋሁት።»

ጋሻዬ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አያ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገረኝ።»

«ለይማርሽ በሬውን ነው አልኳት። ለእናንተ ሰውየውን ነው አልኩ። ሁለቱንም ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም። ዱላውን ሳነሣ በሬውም ሰውየውም ፊቴ ነበሩ። ሁለቱንም ጠልቼአቸው ነበር። የቱን እንዳሰብኩ እሥር ቤት ሆኜ ሌት ተቀን ፈለግሁት። አላገኘሁትም።»

አያ የኔሰው ለአርባ ዓመት እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን አንድ ቃል ነበራቸው፤ ያቺ ቃል ስትሠራ አዩ፣ ስታስር አዩ። አሁን አውጥተው ቢያዩዋት ለዚህ ልጅ አትሆንም።

«ታዲያ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ጋሻዬ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም አሉኝ። እናንተም እንደዚያው። አላውቅም ለሚል ሰው ቦታ አላየሁም።»

«አሁን እኔ እጠይቅሃለሁ።»

«አሁንማ አራት ሆነ፣ አያ» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «እንደ ተፈታሁ ይጠይቁኝ። ምናልባት እስከዚያ አገኘው ይሆናል።»

መኪናው መጣ። ፖሊሱ «በል ተነሥ» አለ፤ ጋሻዬ ተነሣ፣ አያ የኔሰውን ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። ምስጋኑ ከበሩ በኩል፣ ወደ ጋሸና የሚሄደው መኪና ሊሞላ ነው እያለ ይጣራል። አያ የኔሰው ሰባ አንድ ላይ አራት ቢጨመር ስንት እንደሚሆን ያውቁ ነበር፤ ሆኖም እንደገና ደመሩት። ከደረጃው ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ። አልሆነም። ምስጋኑ መጣ፤ በማያይበት በኩል ስለነበሩ መጀመሪያ አየሩን ጨበጠ፣ ከዚያ ክንዳቸውን አገኘና ሳበ።

«ልጁ ምን አለዎት?» አለ።

«አላውቅም» አሉ አያ የኔሰው።